ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የፍራኪንግ ጥናትን እንዴት እንከታተል?

ጁን 2015 ላይ ኢፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ወደ 1000 ገጽ የሚጠጋ ረቂቅ ጥናት አወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው ፍራኪንግ፣ ማለትም አለት ሰንጥቆ ጋዝና ነዳጅ ማውጣት፣ የመጠጥ ውሃን ይጎዳል ወይ የሚል ነበር። አብዛኛው ሰው ያን ሁሉ ገጽ አላነበበም። ጆሮው የገባችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ በአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ላይ የተስፋፋና ሥርዓታዊ ጉዳት ስለመድረሱ ማስረጃ አላገኘንም።

ዲሴምበር 2016 ላይ የመጨረሻው ጥናት ሲወጣ ያቺ ዓረፍተ ነገር የለችም።

በመሀል ብዙ ሰው ሠርቷል። ገለልተኛ ሳይንቲስቶች "ቁጥሩ የታለ?" አሉ። ውሃችን ተበላሸ የሚሉ ነዋሪዎች ስብሰባ ድረስ ሄደው ተናገሩ። ጋዜጠኞች የቀድሞ ረቂቆችን አግኝተው አነጻጸሩ። እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው ሊያደርገው ይችላል። እኔም ይህን የምጽፈው በተለይ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ፔንስልቬንያ ላሉ ወገኖቼ ነው። ታክስ እንከፍላለን። በዚያ ታክስ የሚሠራ ጥናት ምን እንደሚል፣ እንዴት እዚያ እንደደረሰም የመጠየቅ መብት አለን።

ለማያውቀው ሰው ፍራኪንግ እንዲህ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ይገፋበታል። አለቱ ይሰነጠቃል፣ አሸዋው ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ይይዘዋል፣ ጋዙና ነዳጁ በዚያ በኩል ይወጣል። ከጋዙ ጋር ቆሻሻ ውሃም ይወጣል። እሱን የት ማድረግ እንደሚቻል ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

1. ማን አዘዘ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ሠራ?

መጀመሪያ እነዚህን ሦስት ስሞች ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። የኢፒኤውን ጥናት የጠየቀው ኮንግረስ ነው፣ የ2010 በጀት ሲጸድቅ። የሠራው ራሱ ኢፒኤ ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ ደግሞ በ2019 የልጆች ካንሰር ያስጨነቃቸው ቤተሰቦች ስለጮኹ የዚያን ጊዜው ገዥ ቶም ዎልፍ 3 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመደብ አስታወቁ። ውሉን የያዘው የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ነው፣ ጥናቱን የሠራው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ደብዳቤ የሚላከው ሰነዱ ላለበት ቦታ ስለሆነ ነው። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የፌዴራል ገንዘብ ከሆነ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም አስገብታችሁ ፈልጉ። መጠኑ፣ ቀኑና ሰጪው መሥሪያ ቤት ይወጣል።

2. ዕቅዱን ከውጤቱ በፊት ያዙ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻላችሁ ይህን አድርጉ። ውጤት ከወጣ በኋላ መጮህ ቀላል ነው፣ ግን ረፍዷል። አንድ ጥናት ምን ሊያገኝ እንደሚችል የሚወሰነው ምን እንደሚለካ ሲወሰን ነው።

የኢፒኤን ዕቅድ እንየው። የመጨረሻው ዕቅድ ኖቬምበር 2011 ላይ ወጣ። ውስጡ ሁለት ዓይነት የመስክ ጥናት ነበር። አንደኛው ቀድሞ ችግር አለ የተባለባቸውን አምስት ቦታዎች ማየት ነው። ሁለተኛው ግን ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። ገና ያልተቆፈረ ቦታ ይመረጣል። ከቁፋሮው በፊት ውሃው ይለካል፣ በቁፋሮው ጊዜ ይለካል፣ ካለቀም በኋላ ይለካል። ሁለት ቦታ ታስቦ ነበር፤ አንዱ ሉዊዚያና ዴሶቶ ፓሪሽ፣ ሌላው ፔንስልቬንያ ዋሽንግተን ካውንቲ።

ሁለቱም አልተሠሩም።

ከዚያ በ2015 ረቂቁ ወጣና ማስረጃ አላገኘንም አለ። እዚያው አጠገቧ፣ አንብቦ ለሚደርስባት ሰው፣ ሌላ አንቀጽ አለች። ይህ ውጤት ጉዳቱ ብዙም የማይደርስ ስለሆነ ሊሆን ይችላል ትላለች። ወይም ደግሞ ከቁፋሮ በፊትና በኋላ የተወሰደ በቂ የውሃ መረጃ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ማለትም በ2011 ሊለካ ታቅዶ የቀረው ነገር በ2015 "መረጃ የለም" ሆኖ ተመለሰ። ይህን ማየት የሚችለው የ2011ዱን ዕቅድ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ እንደወጣ ፋይሉን አውርዱ። የፋይሉ ስም ላይ ያወረዳችሁበትን ቀን ጨምሩ። ድረ ገጽ ይቀየራል፣ ሰነድ ይነሳል፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ግን ማንም አይነካውም። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ "እንሠራለን" ያሉትን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ። ቦታውን፣ የሚለኩትን ነገር፣ ቀኑን። በየስድስት ወሩ ያን ገጽ አውጥታችሁ የተሠራው ላይ ምልክት አድርጉ። ባዶ ሆኖ የቀረው መስመር የእናንተ ጥያቄ ነው።

3. ሰዎቹን እወቁ

ኢፒኤ ከዚህ በፊትም በ2004 ስለ ፍራኪንግ አጥንቶ ነበር፣ ከድንጋይ ከሰል ውስጥ ጋዝ ሲወጣ ስላለው አሠራር። ለመጠጥ ውሃ ስጋቱ አነስተኛ ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ዓመት ዌስተን ዊልሰን የሚባል የራሱ የኢፒኤ መሐንዲስ ለኮሎራዶ የኮንግረስ ተወካዮች ደብዳቤ ጻፈ። ጥናቱን ከገመገሙት ሰባት ሰዎች አምስቱ የጥቅም ግጭት ያለባቸው ይመስላል አለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2005፣ የወጣው የኢነርጂ ሕግ ፍራኪንግን ናፍጣ ካልተጠቀመ በቀር ከመጠጥ ውሃ ሕጉ የከርሰ ምድር ቁጥጥር ውጭ አደረገው። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

ሌላም አለ። ፌብሩዋሪ 2012 ላይ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኢነርጂ ተቋም ፍራኪንግ ራሱ የከርሰ ምድር ውሃ ስለመበከሉ ቀጥተኛ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ጥናት አወጣ። ጥናቱን የመሩት ቻርልስ ግሮት የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ኃላፊ የነበሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሆኖም በዚያው ጊዜ ፕሌይንስ ኤክስፕሎሬሽን የተባለ ቁፋሮ ኩባንያ ቦርድ አባል ነበሩ። ሪፖርቱ ላይ ይህ አልተጻፈም። ይህን ያጋለጠው አንድ ትንሽ የሕዝብ ተከታታይ ቡድን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ዩኒቨርሲቲውን ተቹ፣ ግሮትም ሄዱ፣ የተቋሙ ዳይሬክተርም ኃላፊነታቸውን ለቀቁ።

ልብ በሉ፣ ዩኒቨርሲቲው የኩባንያ ገንዘብ የለበትም ሲል ነበር። የገንዘቡ ምንጭ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው ሌላ ኪስ ሊኖረው ይችላል።

ይህን ማጣራት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በአክሲዮን ገበያ የሚሸጡ ኩባንያዎች ለተቆጣጣሪው ለኤስኢሲ በየዓመቱ ሰነድ ያስገባሉ። ሰነዶቹ ኤድጋር በሚባለው ማውጫ ውስጥ በነፃ ይገኛሉ። የተመራማሪውን ሙሉ ስም በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ፈልጉ። ለባለ አክሲዮኖች ዓመታዊ ስብሰባ የሚላከው ሰነድ ላይ የቦርድ አባላት ስምና የተከፈላቸው ገንዘብ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ዋናውን ተመራማሪ፣ የተቋሙን ዳይሬክተርና ገምጋሚዎቹን እንዲህ እዩ። አንድ ስም ብታገኙ ቶሎ ሌባ አትበሉ። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፦ "ይህ ግንኙነት ተገልጿል ወይ? የት?" የቦርድ አባል መሆን ወንጀል አይደለም፣ ጥፋቱ መደበቁ ነው።

4. ስብሰባው ክፍት ነው፣ ግቡ

የፌዴራል አማካሪ ኮሚቴዎች በ1972 በወጣ ሕግ ይተዳደራሉ። ስብሰባቸው ፌዴራል ሬጂስተር በሚባለው የመንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ ላይ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ይታወጃል፣ በሩም ለሕዝብ ክፍት ነው። የኢፒኤን ጥናት የገመገመው የሳይንስ አማካሪ ቦርድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሠላሳ ያህል ባለሙያዎች ነበሩበት። ዳይመክ ፔንስልቬንያ፣ ፓቪሊየን ዋዮሚንግና ፓርከር ካውንቲ ቴክሳስ የሚኖሩ ሰዎች ሄደው ስለ ውሃቸው ተናገሩ። ቦርዱ ኦገስት 2016 ላይ ግምገማውን ሲያወጣ ሦስቱም ቦታዎች በጥናቱ ውስጥ በግልጽ እንዲብራሩ ጠየቀ። የታወቀችውን ዓረፍተ ነገርም በቁጥር አልተደገፈችም አለ። አራት አባላት አልተስማሙም፣ ዓረፍተ ነገሯ ትክክል ናት ብለው ለብቻቸው ጻፉ። እሱንም አንብቡት። ተቃራኒውን ሐሳብ የማያነብ ተከታታይ ቶሎ ይታለላል።

ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሚሰጣችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። "ገጽ ይህን ያህል ላይ ይህን ብላችኋል፣ በምን ተደግፎ ነው?" በሉ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ችግር የለም፣ ጽፋችሁ አንብቡ። የጽሑፍ አስተያየትም ሬጉሌሽንስ ዶት ጋቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይገባል። ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከሚልክ አንድ ሰው ገጽ ጠቅሶ ቢጠይቅ ይሻላል።

5. ሰነድ ጠይቁ

ፎያ የሚባለው የፌዴራል የመረጃ ነፃነት ሕግ በ1966 የወጣ ነው። ማንም ሰው ሊጠይቅበት ይችላል። ዜግነት አይጠየቅም፣ ለምን ፈለግከው ተብሎም አይጠየቅም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም። ግሪን ካርድ ገና አልመጣልኝም ብሎ የሚተው ሰው አለ፣ መተው የለበትም።

የግዛት ሕግ ግን ይለያያል። ሜሪላንድ ማንም መጠየቅ ይችላል። ፔንስልቬንያ በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ይላል። ቨርጂኒያ ለራሷ ነዋሪዎች ቅድሚያ ሰጥታ ለሌላው ልትከለክል ትችላለች፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 ይህን አጽድቆላታል። አሌክሳንድሪያ የምትኖር ጓደኛ ካለቻችሁ የቨርጂኒያውን ጥያቄ እሷ ትጻፈው።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሄዳል፣ ይዘቱ ግን እንዲህ ይሁን፦

"በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት የሚከተሉትን ሰነዶች እጠይቃለሁ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30፣ 2015 ባለው ጊዜ፣ የጥናቱን ማጠቃለያና ጋዜጣዊ መግለጫ በሚመለከት በምርምር ክፍሉና በሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ መካከል የተላለፉ ኢሜይሎችና የተያያዙ ረቂቆች። በኤሌክትሮኒክ ፋይል ላኩልኝ። ክፍያው ከ25 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት አሳውቁኝ። ሰነዱ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚውል ከክፍያ ነፃ እንድታደርጉኝ እጠይቃለሁ።"

ቀኑ ጠባብ መሆኑን ተመልከቱ። "ስለ ፍራኪንግ ያላችሁን ሁሉ" ብሎ የጠየቀ ሰው ዓመታት ይጠብቃል። ሁለት ክፍሎች፣ ስድስት ወር፣ አንድ ጉዳይ ስትሉ ግን ፈላጊው የት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ለተራ ጠያቂ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ፍለጋና 100 ገጽ በነፃ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀን መልስ መስጠት አለበት። በተግባር ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የመዝገብ ቁጥራችሁን ይዛችሁ በየወሩ በትሕትና ጠይቁ። ሰነዱ ሲመጣ ግማሹ ጥቁር ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። "የውስጥ ምክክር ነው" ወይም "የንግድ ሚስጥር ነው" ይሏችኋል። ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን አላችሁ፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ገንዘብም አይጠየቅም።

አሁን ወደ ሦስቱ ስሞች እንመለስ። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ መንግሥት የሚደግፈው ቢሆንም ከፔንስልቬንያ የመረጃ ሕግ በአብዛኛው ውጭ ነው። ለእሱ ብትጽፉ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ለጤና መሥሪያ ቤቱ ጻፉ። ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኙ፣ የእድገት ሪፖርቱ እዚያ አለ። ሕጉም መንግሥት በውል ያሠራው ሥራ ሰነድ በኮንትራክተሩ እጅ ቢሆንም በመሥሪያ ቤቱ በኩል ሊጠየቅ ይችላል ይላል። መልሱ በ5 የሥራ ቀን ይጠበቃል፣ 30 ቀን ሊጨምሩ ይችላሉ። ቢከለክሏችሁ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ለግዛቱ የክፍት ሰነዶች ቢሮ ይግባኝ በሉ።

ውሉን ስታገኙ በቀጥታ ስለ ህትመት ወደሚናገረው አንቀጽ ሂዱ። ረቂቁን መጀመሪያ የሚያየው ማነው? ከፋዩ ህትመቱን ማዘግየት ይችላል? ጥሬ መረጃው የማነው? ሌላውን በኋላ ታነቡታላችሁ።

6. ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጉ

ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። የ2015ቱን ረቂቅ ማጠቃለያ አትሙ፣ የ2016ቱንም አትሙ፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀይ እስክሪብቶ ያዙ። ከዚያ ሦስተኛ ወረቀት ጨምሩ፣ የ2015ቱን ጋዜጣዊ መግለጫ።

ረቂቁ "ማስረጃ አላገኘንም" ይላል። የመግለጫው ርዕስ ደግሞ ፍራኪንግ የተስፋፋና ሥርዓታዊ ጉዳት "አላስከተለም" ይላል። ሁለቱን ቃላት አስምሩባቸው። ሐኪም "አላየሁም" ሲልና "የለብህም" ሲል ልዩነቱ ለታማሚው ግልጽ ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ጋዜጣው የወሰደው ርዕሱን ነው።

ኖቬምበር 2016 መጨረሻ ላይ ማርኬትፕሌስና ኤፒኤም ሪፖርትስ የተባሉት የሬዲዮ ጋዜጠኞች ባገኙት ሰነድ መሠረት የማጠቃለያውና የመግለጫው አነጋገር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንደተለወጠ ዘገቡ። ቀደም ያሉት ረቂቆች ጉዳት መድረሱን ከፊት ያስቀምጡ ነበር።

የ2016ቱ ማጠቃለያ ሌላ ነገር ይላል። ፍራኪንግ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ ይችላል ይልና ሁኔታዎቹን ይዘረዝራል። ውሃ በሚያጥርበት ቦታ ውሃ መቅዳት፣ የኬሚካል መፍሰስ፣ የተበላሸ የጉድጓድ ግድግዳ፣ በደንብ ያልተጣራ ቆሻሻ ውሃ፣ ሽፋን የሌለው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ። በአገር ደረጃ ምን ያህል ጊዜ ይደርሳል ለማለት ግን መረጃው አይበቃም ይላል። እኔ ይህን ከ2015ቱ የበለጠ አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም የማያውቀውን አላውቅም ብሏል።

7. ቁጥሩን ከነሥሩ አንብቡ

የፒትስበርግ ጥናት ኦገስት 2023 ወጣ። ከጋዝ ጉድጓድ አንድ ማይል ውስጥ የሚኖሩ ልጆች አምስት ማይል ድረስ ጉድጓድ ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ሊምፎማ በሚባለው ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ነው አለ። ያስደነግጣል። ሥሩን እንየው፤ ባጠቃላይ በዓመት ከሚሊዮን ልጆች 12 ያህሉን የሚይዝ በሽታ ነው። በአምስትና በሰባት ሲባዛ ከሚሊዮን ከ60 እስከ 84 ይሆናል። ሁለቱንም ቁጥር አንድ ላይ ተናገሩ። እጥፉን ብቻ የሚናገር ያስፈራራል፣ ከሚሊዮን ስንት እንደሆነ ብቻ የሚናገር ያሳንሳል። ልጁ ለታመመበት ወላጅ ሁለቱም ትንሽ አይደሉም።

ያው ጥናት ቤተሰቦቹን መጀመሪያ ያስጮኸው የአጥንት ካንሰር ከጉድጓዶቹ ጋር ግንኙነት አላገኘሁለትም አለ። አስም ላይ ግን ጠንካራ ማስረጃ አገኘ። ሁሉንም ተቀበሉ ወይም ሁሉንም ጠይቁ፣ ደስ ያለንን ብቻ መምረጥ አይሆንም።

ያልተለካውንም ፈልጉ። ማርች 2015 ላይ ኢፒኤ ኩባንያዎች ፍራክፎከስ በሚባለው የኬሚካል መዝገብ ላይ ያስመዘገቡትን ከ39,000 የሚበልጥ ሪፖርት መረመረ። ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ቢያንስ አንድ ኬሚካል ሚስጥር ተብሎ ተደብቋል። ስሙን የማታውቁትን ኬሚካል ውሃ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

8. መልስ ሲጠፋ

እያንዳንዱ ትልቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኢንስፔክተር ጄኔራል የሚባል የውስጥ ተቆጣጣሪ አለው፣ ጥቆማ ይቀበላል። የተሳሳተ መረጃ ከወጣ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እንዲያርም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፣ የመረጃ ጥራት ሕግ የሚባል አለ። የኮንግረስ ተወካያችሁን ቢሮ ስልክ ደውላችሁ የፎያ ቁጥራችሁን ብትሰጡም ይረዳል። እዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ከምታስቡት በላይ ቀና ናቸው።

9. የራሳችሁን ውሃ አስለኩ

ይህ ቁፋሮ ሊመጣበት በሚችል አካባቢ የግል የውሃ ጉድጓድ ላላቸው ነው። ሜሪላንድ ግዛቱ ያስጠናው የጤና ጥናት በ2014 ከወጣ በኋላ በ2017 ፍራኪንግን አግዳለች። ድንበሩን ተሻግሮ ፔንስልቬንያ ውስጥ ግን ሥራው ቀጥሏል።

ቁፋሮው ሳይጀመር ፈቃድ ወዳለው ላቦራቶሪ ሂዱ። ሜቴን፣ ክሎራይድ፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየምና በውሃው ውስጥ የሟሟውን አጠቃላይ ነገር እንዲለኩ ጠይቁ። ናሙናውን የላቦራቶሪው ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ይውሰድ፣ እናንተ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ የወሰዳችሁትን ማንም አይቀበለውም። ማን እንደቀዳው፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንዳስረከበ የሚያሳየውን ወረቀት ቅጂ ውሰዱ። ኩባንያውም በነፃ እለካላችኋለሁ ሊል ይችላል። እሺ በሉት፣ የእሱንም ውጤት በጽሑፍ ጠይቁ። ፔንስልቬንያ በ2012 ባወጣችው ሕግ ከጋዝ ጉድጓዱ 2500 ጫማ ውስጥ ያለ ውሃ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተበላሸ መጀመሪያ ተጠያቂ የሚሆነው ቆፋሪው ነው። እሱም ቀድሞ የሚለካው ለዚህ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቀኑ የሚታይበትን የመጀመሪያ ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። ዋናውን ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ።